በጾም የተቃመው ፉርሽካ

ጂንካ፣ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ፣
ወይጦ

የጌታ ሰላም በአንቺና በቤትሽ ይሁን። እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ቤቴልን ያ ነስር ተዋት? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ብደውልልሽ እንደማታነሺ ስለማውቅ ይህን ወረቀት ለሚኒባሱ ሾፌር ለዶላሞ ሰጥቼዋለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ስድቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እማዬ ሆስፒታል ተኝታለች። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሆዷ ተነፍቷል፤ የቀመሰችው ሁሉ ተመልሶ ይወጣል፤ ፈስ እንኳ እምቢ ብሏታል። ፈርቻለሁ፣ እህቴ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ከአንቺ ቤት ሳመጣት የተናገርኩትን አልረሳሽም። «እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ አንቺ ጎደሬና የሽፈራው ቅጠል እያበላሽ አከሳሻት» አልኩሽ፣ ያውም ጎረቤት እየሰማ። እዚህ መጥታ ፉርኖ ዳቦ በሻይ፣ ሩዝና ማካሮኒ ለመደች። ወር ሳይሞላ ሆዷ ደረቀ። አንቺ ጋ እንዲህ ሆና አታውቅም ነበር። ይህቺን አረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ጊዜ እስክሪብቶውን እንዳስቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የለመደችውን ምግብ መመለስ ሲገባኝ አዋቂነቴን ላሳይ አልኩ። ሥልጠና ላይ «አሰር ያለው ምግብ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው» ተብለን ነበር። ሮጥ ብዬ ለከብት የሚሸጠውን የስንዴ ፉርሽካ ገዛሁና ነፍቼ ሰጠኋት። «ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ማንኪያ በብዙ ውሃ፤ መድኃኒት ነው፣ አንድ ቀን እንዳታቋርጪ» አልኳት። መድኃኒት ከተባለ ሰዓት እንደማታዛንፍ ታውቂያታለሽ። እውነትም ተሻላት፤ እኔም መንደሩን ሁሉ እየዞርኩ አወራሁ።

ከዚያ የጸሎት ቤቱ የሦስት ቀን ጾም መጣ፤ ምግብም ውሃም የሌለበት። በዚህ ዕድሜሽ ይቅርብሽ ብላት አልሰማ ብላ ፍራሿን ይዛ ሄደች። ፉርሽካውን ቋጥራ መያዟን ግን አላየሁም። ትናንት ታማ ስትመጣ ነው አብራት የጾመችው አስካል የነገረችኝ። ጠዋትና ማታ ደረቁን ትቅመው ነበር። አስካል «ጾሙን አፈረስሽው እኮ» ብትላት፣ «ይሄ ምግብ አይደለም፤ ልጄ ያዘዘችልኝ መድኃኒት ነው። ጾም የሚያፈርሰው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ አልነካሁም» ብላ መለሰችላት።

ሐኪሙ ዶክተር ልዑል በዚያው ጠዋት ምን እንደበላች ሲጠይቀኝ «እንደ ወትሮው ነው» አልኩት። ዋሸሁ። የማውቃቸው ነርሶች አጠገቤ ቆመው ነበርና አፈርኩ። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አፌን ዘጋሁ። ማቃሰቷ ሲብስ ተከትዬው ወጥቼ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሰር ሁሉ አንድ አይደለም አለኝ። የተልባው፣ የአጃውና የቦሎቄው አሰር ውሃ ይዞ ይዝለገለጋል፣ ሰገራን ያለሰልሳል። ፉርሽካ ግን አይሟሟም፤ ጠርጎ የሚወጣው ውሃ ሲያገኝ ነው፤ ውሃ ካጣ ተጋግሮ አንጀቱን ራሱ ይደፍነዋል። «ጠዋት ነግረሽኝ ቢሆን» አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

አሁን በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላታል፣ ግሉኮስም ተሰክቶላታል። እስከ ነገ ጠዋት ካልተከፈተ ለኦፕራሲዮን አርባ ምንጭ ይልኳታል። ዓይኗን ስትገልጥ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የማታውን መድኃኒት ለምን እንደከለከልኳት።

ሌላም ነገር አለ። ለጾሙ እያንዳንዱ ሰው የጸሎት ርዕሱን በወረቀት ያስገባል። የእማዬን የጻፈችላት አስካል ናት፤ ዛሬ ወረቀቱን አምጥታ ሰጠችኝ። ሕመም የለበት፣ ዕድሜ የለበት። የሁለታችን ስም ብቻ ነው የተጻፈበት፤ የአንቺ ይቀድማል።

ከላኳት አምቡላንሱ ነገ ረፋድ ላይ ወይጦ ይደርሳል። መንገድ ዳር ጠብቂን፤ እንዲያቆም ሾፌሩን እለምነዋለሁ። እኔን ማናገር የለብሽም። በኋላው በር ግቢና እጇን ያዢላት፤ እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ እናታችንን ለሁለታችንም ያቆይልን።

ያጠፋሁት ታናሽሽ