ጭስ የጠገበ በርበሬ

ጥቅምት 8 ቀን 1976፣ ሮተርዳም

ዝናብ። ትራሙ ዘገየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳህን ማጠብ… ዛሬ ግን የማጥብበት የስፔን ምግብ ቤት ባለቤት ሴኞራ ሬሜዲዮስ ጠሩኝ። ጉልበታቸው መቆም አልቻለም። «ነገ ሽምብራ በቆስጣ ሥሪልኝ። ከጣመኝ ምድጃው ያንቺ ነው» አሉ።

እኔን በሽምብራ ሊፈትኑ?

ጥቅምት 9

ጉድ ሆንኩ። እንደ ቤቴ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አበሰልኩ፣ ከዚያ ዘይት ጨመርኩ፣ ፒሜንቶን የሚሉትን የስፔን በርበሬ ከትቼ ማቁላላት ጀመርኩ። ውሃ ጠብ ሳላደርግ ጠቆረ። መረረ። ሴኞራ አንዴ ቀምሰው ማንኪያውን አስቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

አብራኝ የምትኖረው ጽገወይኒ በሳቅ ሞተች። «አንቺ ይመኙሻል፣ ሐበሻ በርበሬ አሳረረች? ለማንም እንዳትነግሪ!»

እኔ አለቀስኩ። ሳህን ላይ ላረጅ ነው?

ጥቅምት 11

ይቅርታ ልጠይቅ ገባሁ። ሴኞራ የፒሜንቶኑን ጣሳ ከፍተው «አሽትቺ» አሉኝ። ጭስ! እንዴት ልብ አላልኩም?

አገራቸው ስፔን ውስጥ ላ ቬራ የሚባል ቦታ ነው። በርበሬ ሲለቀም ዝናብ ስለሚሆን ፀሐይ አያገኝም፤ ሁለት ሳምንት በኦክ እንጨት ጭስ ያደርቁታል። ዘሩ በኮሎምበስ መርከብ ከአሜሪካ መጣ፣ መነኮሳት በገዳም ግቢ ተከሉት ይባላል አሉ። መነኮሳት ሲሉ ያገሬ ገዳም ትዝ ብሎኝ ደስ አለኝ። «ያንቺም አገር በርበሬ ዘሩ ከዚያው ነው» ሲሉ ግን ተናደድኩ።

በርበሬማ የኛ ነው!

ጥቅምት 14

ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። በዚች በተሰባበረች የደች ቋንቋዬ አነበብኩ… እውነታቸውን ነው። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት እነሱም አልነበራቸው፣ እኛም አልነበረን። ታዲያ ያኔ ወጡ በምን ይሠራ ነበር?

የኛ ፀሐይ አገኘ፣ የእነሱ ጭስ። ሁለት ሳምንት ጭስ የጠገበውን እኔ ደግሞ አቃጠልኩባቸው። ማንኪያውን ያስቀመጡት ለዚህ ነው።

ጥቅምት 16

«አንዴ ብቻ ልድገም?» ብዬ ለመንኩ። ሽንኩርቱን በራሴ መንገድ፣ ቀስ ብዬ። ከዚያ ድስቱን አወረድኩና ፒሜንቶኑን ጨመርኩ። አንዴ አማስዬ ወዲያው ውሃ። ሴኞራ ቀመሱ። ደገሙ። «ሽንኩርቱን ምን አደረግሽው?» አሉ።

ቅዳሜ ምድጃ ላይ ነኝ! እልል ማለት አማረኝ።

ኅዳር 2

ሦስተኛ ቅዳሜዬ። ሳህን የሚያጥብ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ዛሬ ወደብ የሚሠሩ ሽማግሌ ስፔናዊ ሽምብራውን ጨርሰው፣ ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ወጥ ቤት ድረስ መጡ። «ይህን የሠራችው ከላ ቬራ የትኛው መንደር ናት?»

ሴኞራ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰውየው ዞረው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ከደሴ» አልኳቸው።

ደሴ የት እንደሆነ አላወቁም። ሌላ ሳህን ግን አዘዙ።