ስለ እናታችን ሥር እውነቱ

ለተከበሩ ታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ያ የሚጠዘጥዝዎ ዳሌ እንቅልፍ ይሰጥዎታል? ደረጃውንስ ያለ ሰው ድጋፍ ይወጣሉ? እኔ ጉልበቴ ከመዛሉ፣ መነጽሬም ከዓመት ዓመት ከመወፈሩ በቀር፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ሐኪሙ ዳሌዎን ሊቀድ የቀጠረልዎን ቀን ሁለት ጊዜ አሳልፈው፣ «ስለ እናታችን የሕመም ማስታገሻ ሥር ቁርጡን ሳትነግረኝ ቢላ አይነካኝም» ብለው ከላኩብኝ ወዲህ፣ ሥሩ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ተቀቅሎና ተጣርቶ ተፈተነ። ፈተናው እንዲህ ነው፤ ለአንዱ ምድብ አይጦች ጭማቂው፣ ለሌላው ባዶ ውኃ ይሰጥና፣ አይጡ በሞቀ የብረት ሰሌዳ ላይ ቆሞ እግሩን እስኪልስ ድረስ ያለውን ሰከንድ እኔ እለካለሁ፤ ሕመሙ የደነዘዘለት አይጥ ዘግይቶ ይልሳል፤ እንደ ላሰም ወዲያው አነሣዋለሁ። ለኪው ለማንም እንዳያደላ ጠርሙሶቹ በቁጥር ብቻ ይለያሉ።

ነገር ግን፣ እትዬ፣ የቁጥር ሦስት ክዳን ሲከፈት፣ ጥርሳችንን ባመመን ጊዜ እናታችን በጨርቅ ቋጥራ ጉንጫችን ላይ የምትይዘው የዚያ ሥር ሽታ አፍንጫዬን መታው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቁጥር ሦስት አይጥ እግሩን ሲልስ፣ የሰከንድ መቁጠሪያውን የምታቆመው አውራ ጣቴ ጥቂት ትዘገይ ነበር፤ አስቤበት አይደለም፣ ሳላስብበትም አይደለም። ቁጥሩ አማረ፤ የክፍላችን ኃላፊ ዶክተሯም ደስ አላቸው። አይጦቹን የምትንከባከበው፣ «የአይጥ እናት» የምንላት ባልደረባዬ ግን ከጎኔ ቆማ ስትመለከት ቆይታ፣ «ጋሼ፣ የደነዘዘው አይጡ ነው ወይስ የእርስዎ ጣት?» አለችኝ።

እርሷ ለቀልድ ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ቀን እህል አልበላ ብሎኝ ሰንብቶ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ዶክተሯ ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝሁ። አልተቆጡኝም፤ ይልቁንም የሦስት ሳምንት ድካማችንን በአንድ ቀይ መስመር ሰርዘው፣ ፈተናው በባልደረባዬ እጅ እንደገና እንዲደረግ አዘዙ። እኔ በኮሪደሩ ወንበር ላይ እንደ ታማሚ ዘመድ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሥሩን የጠጣውና ባዶ ውኃ የጠጣው አይጥ እኩል ቆመ፤ ቢደገምም ያው ሆነ።

ዶክተሯ አይጥ ሰው አይደለም ብለውኛል፤ ሆኖም ቀጠሮ የሚያስቀር ነገር አላገኘንም። ጣቴን ያዘገያት ፍርሃት ነው፤ ሥሩ ካልረዳ እርስዎን ወደ ቢላው የምልክ እኔ ነኝና። ደክሞኛል፣ እትዬ፤ ከእንግዲህ ላባብልዎ አቅም የለኝም። እነሆ፣ ላክሁዎ። ይሂዱ።

ለልጅዎ ለመምህርቷ ሰላምታዬ ይድረስልኝ፤ ቀኑን እርሷ ታስይዝ፣ እርስዎም ሦስተኛ ጊዜ አያታልሏት። ለአማችዎ ለሹፌሩም እንዲሁ፤ በዚያን ቀን እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ቀስ ብሎ ይንዳ። ጠዋት ጠዋት ሥሩን የምትወቅጥልዎን የልጅ ልጅዎን ሁለቱንም መዳፎቿን ስሜያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ትረፍ ይበሉልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
ከቤተ ሙከራው ኮሪደር፣ ኅዳር ፱ ቀን