በግራ እጅ የታሰረው ቅርንጫፍ

አብዬ፣

አሰላሙ አለይኩም፣ ካለህበት። በሕይወትህ አንድም ደብዳቤ ደርሶህ አያውቅም፤ የመጀመሪያውን ከልጅህ ከዘይነባ ተቀበል። ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ወጣ።

ቤታችን ደህና ነው አልልህም። ጭቃ ሹሙ ተለውጧል። የወረኢሉ ነጋዴዎች አቡጀዲ እያመጡ ጋቢ የሚያሠራው ሰው ቀንሷል። እማዬ ግን ጥጥ እየነደፈች ታኖረን ነበር። አምና ታዲያ አንተ የሠራህላት የጥጥ መንደፊያ ደጋን ተሰበረ። ከገበያ የገዛነው ሳምንት አልቆየም፤ ቀጥ ያለ እንጨት በእሳት አጉብጠው ነው የሚሸጡት። እማዬ ያልተነደፈውን ጥጥ እያየች ቁጭ ማለት ጀመረች። ሥራ ከሌለ እንጀራ የለምና ለደጋን የሚሆን እንጨት ፍለጋ ቁልቁለቱን ወረድሁ።

አንተ እንጨት በእሳት አታጎብጥም ነበር። ከወግዲ መንገድ በታች የለንቋጣ ዛፍ ቅርንጫፍ ትመርጣለህ፣ ከነፋስ ጋር ሲታገል ያደገውን፣ አንጓ የሌለውን። ሳትቆርጥ ጎንበስ አድርገህ በልጥ ታስረውና እዚያው ዛፉ ላይ ጎብጦ እንዲያድግ ትተወዋለህ። የታሰረ ቅርንጫፍ የባለቤቱ ነው፣ ማንም አይነካውም። ርዝመቱን የምትለካው በሚነድፍበት ሰው ክንድ ነበር፣ ከብብት እስከ ጣት ጫፍ። የራሴን ደጋን ስጠይቅህ "ያንቺ ክንድ ገና አላለቀም፣ አትቸኩይ" ትለኝ ነበር። እኔ ያሰርሁትን ደግሞ ፈትተህ እንደገና ታስረዋለህ። ስንቴ ተናድጃለሁ! የቀኝ አውራ ጣትህን መጥረቢያ ከወሰደው ወዲህ በግራ ስለምታስር ቋጠሮህ ከማንም ጋር አይመሳሰልም።

ያን ቀን እዚያ ለንቋጣው ላይ አንድ የታሰረ ቅርንጫፍ አገኘሁ። ልጥ ክረምት አይሻገርም፣ ይበሰብሳል፤ አንተው ነህ ያስተማርኸኝ። ይሄኛው ግን እርጥብ ነበር፣ ገና የተላጠ። ቋጠሮው ወደ ግራ ዞሯል። እንጨቱ ጎብጦ የበሰለ ነው፤ በየክረምቱ ልጡን ሲለውጥለት የኖረ እጅ አለ ማለት ነው። ነፋስ አልነበረም። ቅጠሉ ግን አሁን ሰው እንደለቀቀው ይወዛወዝ ነበር። ክንዴን ዘርግቼ ለካሁት፤ ልክ ጣቴ ጫፍ ላይ አለቀ። አብዬ፣ ይሄን ክንድ እኮ አላየኸውም። ስትሞት ልጅ ነበርሁ።

ቢስሚላህ ብዬ ቆረጥሁት። ጥላ ውስጥ አድርቄ ጅማት ስወጥርበት እማዬ ዳሰሰችው። ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቀችም። "ያንቺ ልክ ነው" ብላ መልሳ ሰጠችኝና አነዳደፉን ታሳየኝ ጀመር። አሁን የምነድፈው እኔ ነኝ፣ እሷ ትፈትላለች። አንዳንድ ቀን እጄን ካነሳሁ በኋላም ጅማቱ ጥቂት ይጮኻል። ያኔ ሁለታችንም ሥራችንን ትተን እናዳምጠዋለን።

ለእማዬም አንድ ቅርንጫፍ በክንዷ ልክ አሰርሁላት። በሳምንቱ ሄጄ ባየው የኔ ቋጠሮ ተፈትቶ፣ ጠበቅ ተደርጎ፣ ወደ ግራ ታስሯል። እንደ ድሮው እናደዳለሁ ብዬ ነበር። አለቀስሁ።

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። እኔ በሕይወት እስካለሁ አትረሳም፤ በየዓመቱ አንድ ቅርንጫፍ አስራለሁ። አላልቼ ነው የማስረው፣ መጥተህ እንድታጠብቀው።

ልጅህ ዘይነባ