ሙሂዲን ለእንግዶች ያሳያቸው የነበሩ ሦስት ከተሞች

ለተከበሩ አባቴ ለሼህ ኑርሑሴን፣

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱ ሲገባ የጉልበትዎ ሕመም ባሰብዎ ወይስ ቀለል አለልዎ? እማማስ፣ ናፊሳስ፣ የሰፈሩ ጀመዓስ ሰላም ነው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። አሁንም ያለሁት እዚሁ አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ነው፤ የምሠራውም እዚያው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ናፊሳ እንደጻፈችልኝ፣ መጋቢት ላይ የወንድሜ የሙሂዲን ሞት ሲነገርዎ «እሱ ከሞተብኝ ሰባት ዓመቱ ነው» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። አልፈርድብዎም። ሕግ ይማራል ብለው እንግሊዝ የላኩት ልጅ ትምህርቱን ትቶ ድምፁን አጠፋ። ግን እርስዎ ያላወቁት ነገር አለ፤ ሳያውቁት የቀረውም በእኔ ጥፋት ነው።

ባለፈው ወር መቃብሩን ለማየት እንግሊዝ ሄጄ ነበር። ባሕሩ እንደ ማጭድ ታጥፎ ወደ መሬት በገባበት ዳር ቶርኪ፣ ፔይንተንና ብሪክስሃም የሚባሉ ሦስት ከተሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሙሂዲን እንግዶችን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ነበር የሚሠራው፤ ቲኬት ይቆርጣል፣ በድምፅ ማጉያም አገሩን ያስረዳል። የጀልባው ባለቤት ሚስተር ዊልክስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። እንደነገሩኝ፣ ለትምህርቱ ይሰጠው የነበረው እርዳታ በሁለተኛው ዓመት ተቋርጦበት፣ ይህን ለእርስዎ ለመጻፍ አፍሮ፣ ለአንድ በጋ ሊሠራ መጥቶ ስድስት ዓመት ቀረ።

እሳቸውም ወንድምሽ ያሳይ የነበረውን ሁሉ ላሳይሽ ብለው በጀልባቸው ወሰዱኝ። በቶርኪ ነጫጭ ሆቴሎች ኮረብታው ላይ ተደራርበዋል፤ በዚያ ብርድ አገር መንገዱ ዳር ዘንባባ በቅሏል። ከገደሉ አናት እስከ ባሕሩ በገመድ ተይዞ የሚወርድ ትንሽ ባቡርም አለ። የፔይንተን አሸዋ ቀይ ነው። ሰው ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ በተሠራ ድልድይ ላይ ሲዝናና ይውላል፤ በከሰል የሚሄድ አሮጌ ባቡርም እያፏጨ በባሕሩ ጥግ ያልፋል። ብሪክስሃም የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ወደቡ ላይ እንደ ጥንቱ ተደርጎ የተሠራ የእንጨት መርከብ ቆሟል፤ እንግዳ ሁሉ ይወጣበታል። ሙሂዲን ከሦስቱ ይህቺን ይወድ ነበር አሉ። የዐሥርን ሶላት የሚሰግደው መረብ ከሚጠገንበት ጥግ ነበር፤ እሱ ሲቆም አጥማጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉለት ነበር።

ስንመለስ ሽማግሌው የፊተኛውን ወንበር አሳዩኝና «ወንድምሽ ሁልጊዜ፣ አባቴ ከመጡ እዚህ ነው የማስቀምጣቸው፣ ሦስቱንም ከተማ እኩል ያዩታል ይል ነበር» አሉኝ። ተቀመጪ ቢሉኝ አልቻልኩም፤ ወደቡ እስክንደርስ ቆሜ ሄድኩ።

አባባ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሙሂዲን ለእርስዎ የጻፈውን የይቅርታ ደብዳቤ በእኔ በኩል ልኮ ነበር። ከአንቺ ቃል ጋር ቢደርሳቸው ይሻላል ብሎኝ ነው። እርስዎ ግን በዚያው ሰሞን ስሙን አታንሺብኝ ብለው ጽፈውልኝ ስለነበር፣ ቁጣዎ እስኪበርድ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። እሱ በጻፈልኝ ቁጥር አባባ መለሱ ወይ ይለኛል፤ እኔ ገና ነው እለዋለሁ። እንዳልላክሁት አልነገርኩትም። ልቡ ታሞ ሆስፒታል በተኛባቸው ስድስት ቀናት ከአገር ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ በየቀኑ ይጠይቅ እንደነበር ሚስተር ዊልክስ ነገሩኝ። ምን ይጠብቅ እንደነበር ለእሳቸው አልተናገርኩም።

ኤክሰተር ከምትባል ከተማ ሙስሊሞች መጥተው አጥበው፣ ሰግደውበት ቀብረውታል። በዚህ እንኳ ልብዎ ይረፍ።

ደብዳቤውን እንደታሸገ አብሬ ልኬዋለሁ። እኔን እንደፈለጉ ይቆጡኝ፤ ስሟን አታንሱብኝ ቢሉም እችለዋለሁ። እሱን ግን አፉ ይበሉት፤ ይቅር ይበሉት። አንብበው ሲጨርሱ በስሙ ጠርተው ዱዓ ያድርጉለት።

እማማን ጉልበቷን እስማለሁ። ናፊሳንና ባለቤቷን ከማሉዲንን፣ ልጆቻቸውንም አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። ለቅሶው ላይ ከእማማ ጎን ያልተለዩትን ጎረቤታችንን እትዬ ትሁንን አላህ ይስጥልኝ ይበሉልኝ። እርስዎን ግን ሰላም ለማለት አፈርኩ፤ እጅዎን የምስመው ከፈቀዱልኝ ነው።

ልጅዎ ሀጂራ ኑርሑሴን
ሲያትል፣ ነሐሴ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.