አዳራሹ በሙሉ ሲነሣላት

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት እያቃሰትክ ነው የምትነሣው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ እንዳለን አለን። እንዳለን አለን ማለት ደኅና ነን ማለት እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ እሱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። ባለፈው ሳምንት እናታችንን ሸለሟት። የማዕድን ማውጫው አዳራሽ ወንበር እስኪጠፋ ሞልቶ ነበር። ባለ ክራባቱ አስተዋዋቂ «አንጋፋዋ የማዕድን ተረፈ ምርት መሐንዲስ» እያለ ሲያነብ፣ ከኋላ የተቀመጡት ሠራተኞች ስለ ማን እንደሚያወራ ግራ ገባቸው። አንዱ ቆፋሪ «እትዬ ዝቃጭ በላ!» ብሎ ሲጮህ አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ስሙን ያወጡላት ሊሰድቧት እንደነበር አትረሳውም። የተማረች ሴት ጭቃ ስታቦካ ትውላለች ይሏት አልነበር? ከዚያ ጭቃ የቀረውን መዳብ ለይታ አወጣች፤ ከተረፈው ብሎኬት አስመረተች፤ የልጆቼ ትምህርት ቤት አጥር የተሠራው በእሱ ነው። የዝቃጩ ኩሬም ደርቋል። ኩሬውን ካገደው ግድብ በታች ያሉት ሰዎች ዝናብ በመጣ ቁጥር ዕቃቸውን ተሸክመው መሮጥ ትተዋል።

በዚያ ኩሬ የተነሣ መጣላታችሁን አልረሳሁም። አንተ ጋ መጥታ እንድትኖር ስትለምናት «ይሄ ሳይደርቅ ወዴትም አልሄድም» አለችህ፤ አንተም «ከእኔ ዝቃጩ ይበልጥብሻል» ብለህ ሻንጣህን አንሥተህ ወጣህ። እንዳመመህ ይገባኛል። እሷ ደግሞ ያ ግድብ ቢደረመስ የስንቱን ቤት ጠራርጎ እንደሚሄድ ስለምታውቅ እንቅልፍ አልነበራትም። በማንኛችሁም አልፈርድም፤ ግትርነቱንም ቢሆን ከጎረቤት አልተበደርከውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። ሳንባዋን ያ ሁሉ ዘመን የዋጠችው አቧራ ጨርሶታል። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ ሩቅ ያለ ልጅ ካላት ቶሎ ቢመጣ ይሻላል አለኝ። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መሐላዬን አፈረስኩ።

የሽልማቱ ዕለት ዋንጫውን አስይዘው ማይክሮፎኑን ሲያስጠጉላት፣ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለላት። የወንበሩን መንኳኳት ስትሰማ ትልቅ እንግዳ የገባ መሰላት። ወደ በሩ ዞር ብላ «ኖር!» አለች። ከዚያ ክንዴን ሳብ አድርጋ «ማን ነው የገባው? ልጄ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር ሁሉም ሰማ። ያ ሁሉ ሰው እኔን ያየኝ ጀመር። እኔም «መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር፣ ተኝታም ብትሆን ቀና ብላ ፀጉሯን ታስተካክላለች። ወንድም ጋሼ፣ ዋሽቻታለሁ፤ ውሸቴን እውነት ማድረግ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።

ባለቤትህን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ለትልቋ ልጅህ አክስትሽ ናፍቃሻለች በላት፤ ትንሹን ጉንጩን ንከስልኝ። ሾፌሩ ባለቤቴ ከባድ ሰላምታ ብሎሃል፤ በየትኛውም ቀን ቢመጣ ጣቢያ ድረስ ሄጄ እቀበለዋለሁ ይላል። ልጆቼም አጎታችን ይምጣልን እያሉ ነው።

የእናታችንን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም። ልጽፍለት ነውና ምን ልበልልሽ ብላት፣ «መንገድ ላይ ላለ ሰው ምን ደብዳቤ ይጻፋል?» አለችኝ።

ታናሽ እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ