የማያመው እብጠት

መጋቢት 5፣ ጠዋት
ማሽኑ ዛሬም ክር ይበጥሳል። የፋሲካ ቀሚስ ያዘዙ ሴቶች ደግሞ አልደረሰም ወይ እያሉ ደጄ ላይ ናቸው። ደብተሬ፣ የማትነዘንዘኝ አንተ ብቻ ነህ። እማዬ ከገጠር መጣች። መካነ ሰላም ስትገባ መጀመሪያ ቤ/ክ፣ ቀጥሎ የእኔ ልብስ ስፌት ቤት። ላንቺም ልስፋልሽ ብዬ ሜትሩን ደረቷ ላይ ሳዞር እጄ ጠጣር ነገር ነካ። ግራ ጡቷ ላይ። ደነገጥኩ። እሷ ሳቀች።

ከሰዓት
በግድ አናገርኳት። ከክረምት በፊት ጀምሮ ነበር። ለአባባ እንኳ ደረቴን ይከብደኛል ነው ያለችው፤ የቄስ ሚስት አፏን ሞልታ ጡቴ ትበል እንዴ? አባባም ሳያዩት ጸለዩላት፣ ጠበል ሰጧት። በየጠዋቱ ተቀባችው። ያመኛል ብላ ብትጠብቅ ምንም አላመማትም። እንግዲያው ጠበሉ ሕመሙን ወስዶልኛል፣ የቀረው እብጠቱ ብቻ ነው አለች። ስለት ሁሉ አስገብታለች! ጮህኩባት። ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል አለችኝ።

መጋቢት 8
እዚህ ሆ/ል ዳሰሷት። ብዙም አላወሩም። ወደ ደሴ ጻፉልን።

መጋቢት 21፣ ደሴ
ከእብጠቱ የወሰዱት ናሙና ውጤት መጣ። ካንሰር። ብብቷ ገብቷል፣ ጉበቷም ላይ ታይቷል። ዶ/ሯ ደግ ሴት ናት፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፣ ሰው የሚዘናጋውም ለዚያ ነው። ትንሽ ሳለ ቢደረስበት ብዙዎች ይድናሉ። አሁን መድኃኒቱ ዕድሜ ይጨምርላታል፣ ሥቃዩን ያቀልላታል እንጂ አያድናትም። አንቺም ልጇ ነሽና ተመርመሪ አለችኝ። እማዬ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ እንጃ።

መጋቢት 24፣ መ/ሰላም
መድኃኒት የምትጀምርበት ቀጠሮ አላት። አልሄድም አለች። በደሴ መንገድ፣ አቀስታ ላይ፣ በዚያ ብርድ መኪና ውስጥ ከምሞት ቤቴ ልሙት ትላለች። አባባ መጥተው ለመኗት። ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም፤ አንቺ ከሄድሽ እኔ መነኩሴ ነኝ አሏት፣ እንደ ቀልድ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ጨርቆቼ መሃል ተቀምጠው ጥምጣማቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

መጋቢት 26፣ ጠዋት
እማዬ በሩን ዝጊ አለችኝ። ዘጋሁ። ተኚ አለችኝ። "ሐኪሟ ያለችሽን ሰምቻለሁ። እኔ እንደሁ ጣቴ ለምዶታል፣ ነይ ልይሽ።" አፈርኩ፣ ይህን ያህል ዕድሜ ይዤ። እጇ ይቀዘቅዛል። ቀኙን ዳሰሰች፣ ደህና። ግራውን ጀመረች፣ ወደ ብብቴ ስትጠጋ ጣቷ ቆመ። አለፈ፣ ተመልሶ እዚያው መጣ። ፊቷን ሳይ ገባኝ። እኔም ነካሁት። ትንሽ ነው። ስጫነው አያምም።

ከሰዓት
ፈራሁ፣ ደብተሬ። እብጠት ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ ዶ/ሯ ነግራኛለች፤ ግን በምን ይለያል፣ በምርመራ ነው። እማዬ ነገ በማለዳ ደሴ ትሄጃለሽ፣ ከፋሲካ በኋላ የሚባል ነገር እንዳልሰማ ትላለች። እሷ ናት ይህን የምትለኝ! ብቻዬን አልሄድም አልኳት። አንቺ መድኃኒትሽን ካልጀመርሽ እኔም አልመረመርም። ጨካኝ ነኝ። አለቀሰች፣ ልትረግመኝ አፏን ከፍታ ተወችው። እንባዋን ጠርጋ፣ "አብሽሪ በቃ። ያችን ነጠላ አቀብይኝ፣ ደሴ እድፍ ለብሼ አልሄድም" አለች።

ነጠላዋን አጥቤ አሰጣሁት። ገጠር ለተመለሱት አባባ ደውዬ ነገርኳቸው፤ እያለቀሱ ስልኩን ዘጉት። የደንበኞቼ ቀሚስ ይቆይ፣ የፈለጉትን ይበሉ። ነገ አብረን እንሳፈራለን። እኔ ምናልባት በጊዜ ደርሼ ይሆናል። እሷ ግን…