ይማሜ፣ ፎቅህን አስፈረስኩት

ይማሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት እንዲሁ አይደለም፤ ይህን ወሬ ካንተ ሌላ ከነደስታው የሚረዳልኝ ሰው ስላጣሁ ነው። የቤታችን ግብር ወረደ። ጧት አዲሱን ወረቀት ይዤ ከማዘጋጃ ቤት ስወጣ እስከ ሠፈራችን ቧንቧ ውሃ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት። ባጃጅ መሳፈር አላሰኘኝም፤ መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ እየነገርኩ መሄድ ነበረብኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። በሩን አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ። የስፌት መኪናዬን ብርሃን ፍለጋ ወደ ሳሎኑ መስኮት አውጥቼዋለሁ። አልጋው ላይ ባንተ በኩል የሰው ጨርቅ ተከምሮበታል፤ ባዶ ሆኖ ከማየው ይሻላል ብዬ ነው። ልጃችን ከማል ከነሚስቱ እዚያው ኮምቦልቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ሥራው ተሻሽሎለታል፣ ዐርብ ዐርብ ይመጣል።

የተለወጠው ግብሩ ነው። ድሮ ጣራና ግድግዳ እያልን በዓመት አንዴ ሳናጉረመርም የምንከፍለው፣ አሁን በቤቱ ዋጋ ይሰላል ተብሎ አዲስ ተመን መጣ። ወረቀቱ ሲደርሰኝ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በስፌት የማገኘው ቢጠራቀም ቢጠራቀም አይደርስበትም። ከማልም አየውና፣ እማ፣ ቤቱን እንሽጠውና እኔ ዘንድ ነይ አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው። እኔ ግን ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ፣ አንተ ድንጋዩን አንድ በአንድ የደረደርከው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሲወጣ ሲገባ ታየኝ። ሦስት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት፤ አሁን መነጽሬን አድርጌ። የቤቱ ዓይነት፣ ባለ አንድ ፎቅ ይላል። ፎቅ፣ ይማሜ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

መዝጋቢዎቹ የመጡበትን ያን ቀን መቼም አትረሳውም። አንተ የሰው ፎቅ ስትገነባ ዕድሜህን ጨርሰህ ከራስህ ፎቅ የሠራኸው ደረጃውን ብቻ ነበር። ከግቢው ተነስቶ፣ የቤቱ ጣራ የሆነው ሶሌታ ላይ ወጥቶ፣ እዚያው የሚያልቅ የሲሚንቶ ደረጃ። ደረጃው ካለ ፎቁ የት ይቀራል ትለኝ ነበር። ቤት መዝጋቢዎቹ የመጡ ቀን ደግሞ በረዶ ይጥል ነበር። ደረጃውን አይተው፣ ላይስ ምን አለ ሲሉህ፣ ሁለት ክፍልና ሳሎን አልካቸው፤ እንደዚያ አፍህን ሞልተህ። በበረዶ ማን ወጥቶ ይይ? አንደኛው ወደኔ ዞር ሲል እኔስ ምን አልኩ? ቀለም ብቻ ነው የቀረው አልኩ። ባሌን በእንግዳ ፊት ላሳፍር ኖሯል? ምሳ አቀረብኩ፣ በሉ፣ መረቁን፣ ፎቃችንን ጽፈው ሄዱ። በሩን ዘግተን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ በኋላማ ግብር በከፈልክ ቁጥር ደረሰኙን ለጓደኞችህ እያሳየህ፣ እኔ የፎቅ ግብር ከፋይ ነኝ ትል ነበር። ያኔ ክፍያው ቀላል ስለነበር ቀልዱ አልከበደንም።

ስለዚህ ጥፋቱ የኛው ነው። የምወቅሰው ሰው ማጣቴ ከግብሩ ይልቅ አናደደኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ፣ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚያስተምረው ሰው አጥቶ የለ፣ አቤቱታውን እኔ እጽፍልሻለሁ አለኝ። ሦስት ገጽ ጻፈ። ምርኩዟ የተሰበረባት፣ እንባዋ ያልደረቀ እያለ፣ ራሴው ሳነበው አለቀስኩ። የቅሬታ ክፍሉ ሰውዬ ሦስቱንም ገጽ በትዕግሥት አንብቦ ጨረሰና፣ እናቴ፣ አላህ ያጽናዎት፣ ግን ቤቱ ስንት ካሬ ነው አለኝ። ስለ ካሬ አንድም ቃል የለበትም። ካርታዎን ይዘው፣ ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ለይተው፣ በአንድ ገጽ ጽፈው ቀኑ ሳያልፍ ይምጡ አለኝ። የቀረው ጥቂት ቀን መሆኑን ሲነግረኝ ሦስቱን ገጽ አጣጥፌ ወጣሁ።

ቤት ገባሁና ራሴ ለካሁት። በምን መሰለህ፣ በስፌት ሜትሬ። እሱ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረግኩ፣ ለቀሚስ እንደምለካው ቤቱን ዞርኩት። ሠፈሩ ሁሉ አሁንስ ይህች ሴትዮ ለቤቷ ልብስ ልትሰፋ ነው ብሎ ሳቀብኝ። የለካሁትን ከወረቀቱ ጋር ሳስተያይ ሌላም ጉድ አገኘሁ። ከጓሮ ያለችው የጭቃ ማድ ቤታችን ብሎኬት ተብላ ተጽፋለች። እሷንም በብሎኬት ልሠራት ነው ስትል ሰምተውህ መሆን አለበት። ይማሜ፣ ያሰብከውን ሁሉ ጽፈውልሃል።

በአንድ ገጽ ጻፍኩት። ፎቅ የለም፤ ማድ ቤቷ ጭቃ ናት፤ መጥታችሁ እዩ። ጋሽ ተፈራ በጣም ደረቀ ብሎ አዘነ፤ እኔ ግን እንደዚያው አስገባሁት።

ለማየት የተላከችው መሐንዲስ የከማል እኩያ የምትሆን ልጅ ናት። ደረጃውን ወጣች፣ ተከተልኳት። ላይ ያለው የተሰጣ በርበሬና ከሶሌታው ላይ የቆመ የፌሮ ብረት ነው። ክፍሎቹስ አለችኝ። ልጄ፣ ክፍሎቹ ባሌ አፍ ውስጥ ነበሩ አልኳት። ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። ያኔ በረዶውንም፣ ምሳውንም፣ እኔ ስለ ቀለም ያልኩትንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ውሸቴን ሸፍኜ መብቴን ልጠይቅ አልሆነልኝም። ለካች፣ ፎቶ አነሳች፣ የማድ ቤቷን ግድግዳ በጣቷ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ጭቃ መሆኑን አየች፣ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ስፌቴን ጥዬ ስነሳ ከረምኩ።

ዛሬ ተጠራሁ። አዲሱ ተመን በስፌቴ የምችለው ሆኗል፤ ሰውዬው እንደገና እስኪያነብልኝ ድረስ አላመንኩም። ከዚያ አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። ከላይ የተመዘገበው ወለል አለመኖሩን አረጋግጣለሁ ይላል፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ አለኝ። ለዚህ ስሮጥ ከርሜ፣ እዚያ ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ያ ፎቅ በዚህ ዓለም ላይ ቆሞ የሚገኘው እነሱ መዝገብ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጄ ልሰርዘው ነው። ሰውዬው፣ ስህተት አለው እንዴ እናቴ አለኝ። የለውም አልኩና ፈረምኩ። አፉ በለኝ፣ የኔ ዓለም። ቤትህን ላድን ስል ነው።

ዛሬ ዐርብ አይደል፣ ከማል ከሰዓት ደረሰ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ስለ መሸጥ አንድም ቃል አልወጣውም። ደረጃውን ወጥቶ በርበሬውን ወደ ጥግ ገፋ አደረገና ሶሌታው መካከል ቆመ። ብከተለው፣ እማ፣ እዚህ ጋ ሳሎን፣ እዚያ ጋ ሁለት ክፍል ይለኛል። እጁን እንዳንተ ዘርግቶ፣ ባንተው ድምፅ። እኔ መንገዱ ላይ የማዘጋጃ ቤት ሰው እንዳይኖር ቁልቁል አየሁና፣ ድምፅህን ቀነስ አድርግ አልኩት። ከዚያ አቀፍኩት።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸው ነው። ከቤቴ አልወጣም። ከእንግዲህ ያንተን ፎቅ የሚያውቅ አንድም የመንግሥት ወረቀት የለምና ማስታወሱ የኔ ሥራ ሆኗል፤ በሕይወት እስካለሁ አላጓድለውም። የአንደኛው ክፍል መስኮት ወደ ጦሳ ተራራ ነው የሚያየው። ሁለተኛው የጧት ፀሐይ ይገባዋል፤ እሱ ያንቺ ነው ብለኸኛል።

ያንተዋ ዘይነባ